ጠበል የነካው ኦፓል

በመምህር አለበል አርባ ላይ ሰው ሳቀ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ቄሶቹ ጸሎታቸውን አድርሰው ከሄዱ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ጠላችንን ይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን ተቀምጠናል። የቀድሞ ተማሪያቸው የነበረ አንድ አስጎብኚ «እኔን እኮ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አስነሥተው ጥርሴ ላይ ባትሪ አበሩብኝ» ብሎ ጀመረ። ሌላው ተቀበለው። ሦስተኛው ጨመረበት። እህታቸው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ላጽናናት ጠጋ ብል፣ እሷም እየሳቀች ነው።

እኔ ግን የራሴን ታሪክ እዚያ አላወራሁም። ረጅም ነው፤ ደግሞም መሃሉ ላይ ስደርስ አሁንም ድረስ ያናድደኛል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ላሊበላ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወርደው መንገድ ዳር ትንሽ የዕደ ጥበብ ሱቅ አለችኝ። መስቀል፣ የብራና ሥዕልና ከደላንታ የሚመጣ ኦፓል እሸጣለሁ። ኦፓል ላላየ ሰው፣ ወተት የመሰለ ድንጋይ ነው፤ ወደ ብርሃን ስታዞሩት ግን ሆዱ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይነቃል። መምህር አለበል የግቢዬን የኋላ ክፍል ሊከራዩ የመጡ ዕለት ስለ ውሃና ስለ መብራት ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጥሩ፣ እርድ አለሽ?» አሉኝ። ስሜ ጥሩወርቅ መሆኑን ከነገርኳቸው አምስት ደቂቃ አልሞላም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራሉ። አንገታቸው ላይ፣ ከማተባቸው ጎን፣ በጫማ ክር የታሰረች ትንሽ ባትሪ ትንጠለጠላለች። የሆቴል ገንዘብ ተቀባዮች ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት፣ ሐምራዊ የምታበራው ዓይነት ናት። እሳቸው ግን ብር ሲያዩባት አይቼ አላውቅም። የሚያዩባት ብር ያልሆነውን ሁሉ ነው።

ያን ዕለት እርዱን አመጣሁላቸው። ከኪሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አረቄ አወጡ። መቼም መምህር ሰው በጠዋት አረቄ ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚታሰብ ታውቃላችሁ። ብርጭቆ ውስጥ ቀዱ፣ እርድ በጣታቸው ቆነጠር አድርገው ጨመሩ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ባትሪዋን አበሩበት። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ቦግ አለ። ደነገጥኩ። ቀጥለው ከጓሮዬ ጎመን ቀነጠሱ፣ አሹት፣ አረቄ ውስጥ ነከሩት። ሲያዩት አረንጓዴ የሆነው ውሃ ባትሪዋ ስትበራበት እንደ ደም ቀላ።

«ጎመን ደም አለው እንዴ፣ መምህር?»

«የለውም። የቅጠሉ አረንጓዴ ነገር ብርሃን ይበላል። አረቄው ከቤቱ ስላስወጣው አሁን የበላውን የሚያውልበት ሥራ የለውም፤ በቀይ ይተፋዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማድቤቴ ውስጥ ያልተበራበት ነገር የለም። ማሩ፣ ዘይቱ፣ የእንቁላሉ ቅርፊት ሳይቀር ተራው ደረሰው። የሰፈራችን አረቄ ሻጭ፣ ሰው «መምህሩ ጠጪ ናቸው አሉ» ሲላት ትቆጣ ነበር። «ኧረ ተዉ፣ ገዝቶ ቁጭ ብሎ የሚያየው ደንበኛዬ እሳቸው ብቻ ናቸው» ትላለች።

አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሲሠሩ ያጠኑት ብርሃንን ነው። የምን ብርሃን ብዬ ብጠይቃቸው «የሚዘምር» አሉኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ጠፍቶ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ አስረዱኝ።

«ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቅጥር ውስጥ ሲያወራ ሰምተሻል? ሁሉም በየራሱ ያወራል። ድምፅ አለ፣ ዜማ የለም። የእርዱ ብርሃን እንደዚያ ነው። አሁን ደግሞ ማኅሌት ላይ ደብተራዎቹን አስቢ። በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ይኸኛው ያነሣል፣ ያኛው ይቀበላል፣ ይመልሳል። ቀስ እያለ ይሞቃል። በመጨረሻ መቋሚያው ሁሉ ባንዴ ተነሥቶ ባንዴ ይወርዳል። ያን ጊዜ ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ይሰማል። ሌዘር የሚሉት ይኸን ነው።»

«ሁለቱ ረድፎችስ ምንድን ናቸው?»

«መስተዋት ናቸው፤ ብርሃኑን እየተቀባበሉ ያሞቁታል። ግን መስተዋት የማያስፈልገው ነገር አለ» አሉና ከመደርደሪያዬ አንዲት ኦፓል አነሡ። «እዚህ ውስጥ ዓይን የማያያቸው እንክብሎች አሉ። ገበያ ላይ እንደተከመረ ብርቱካን ረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ይህን የምታዪውን ቀለም የቀባው የለም፤ ከድርደራው የመጣ ነው። አንዱን ብርሃን ያሳልፋል፣ አንዱን ይመልሳል። በእንክብሎቹ መሃል እንደ እርድ ያለ የሚያበራ ነገር ቢገባ፣ ድንጋዩ ራሱ ብርሃኑን እያመላለሰ ሊያስዘምረው ይችላል።»

አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፉት ለዚህ ነበር፤ በሰው እጅ በተሠራ የኦፓል ዓይነት። ሊደርሱበት ሲቃረቡ ብርሃን የሚሰጠው ትልቁ መሣሪያ ተበላሸ፤ መለዋወጫው ሳይመጣ የትምህርት ጊዜያቸው አለቀ። ጽሑፋቸው ውስጥ፣ በእሳቸው አማርኛ፣ «በርቷል፣ አልዘመረም» ብለው ጻፉ። ዘምሯል ብለው ቢጽፉስ ማን ያውቅ ነበር ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

«እኔ» አሉኝ።

ይህች «በርቷል፣ አልዘመረም» የሁሉ ነገር መለኪያቸው ሆና ቀረች። በቃሉ ሸምድዶ ለሚመልስ ተማሪ፣ ለሠርግ ባንድ፣ ጨው ለጎደለው ወጥ ሳይቀር ትሠራለች። ላሊበላ ከመጡ በኋላ ያቺ ትንሽ ባትሪ አቅም እንደሌላት እያወቁ እንኳ መሞከራቸውን አልተዉም። የተሰባበረ ኦፓል እሰጣቸዋለሁ፤ እርድ ባለበት አረቄ ይነክሩታል፣ ያበሩበታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ መጥፎ አመል ነበራቸው፤ ተአምር አይወዱም። የካህን ልጅ ናቸው፣ ጾማቸውን የሚጾሙ፣ ቅዳሴ የማይቀርባቸው ሰው ናቸው። ግን የሚያውቁትን ነገር ሰው ተአምር ሲለው ዝም ማለት አይችሉም። አንድ የማኅበር ቀን ጨለምለም ያለ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ባትሪዋን ሲያበሩ፣ የደጀ ሰላም ጧፍ ሻጯ የወይዘሮ ታንጉት ነጠላ ሰማያዊ ሆኖ አበራ። አጠገቧ የተቀመጡት የደብሯ ገበዝ፣ መምሬ ይባቤ፣ የለበሱት ጋቢ ግን ምንም አላለም። ታንጉት ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጸጋ ነው፤ ወርዶልኝ ነው» አለች።

«የዱቄት ሳሙና ነው» አሉ መምህር። «ውስጡ የሚያበራ ነገር ይጨምሩበታል። መምሬ ጋቢያቸውን የሚያሳጥቡት በእንዶድ ነው።»

መምሬ ይባቤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ታንጉት ግን አልሳቀችም፤ በመምህርም በእኔ በአከራያቸውም ላይ ያን ጊዜ ነው ቂም የያዘችው።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። ከኦፓሎቼ ሁሉ የምትበልጥ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል አንዲት ነበረችኝ። መምህር አይተዋት እጃቸውን ዘረጉ። «ጥሩ፣ ይቺን ብትሰጪኝ ዕድሜ ልኬን ሌላ አልጠይቅሽም።» ስለት መሆኗን ነገርኳቸው፤ እህቴ ምጥ ጠንቶባት ሳለ፣ በሰላም ከተገላገለች ለእመቤቴ ብዬ የተሳልኳት ናት። እሳት የነካቸው ያህል እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው እንጂ አፋቸው ጠይቆኝ አያውቅም።

እህቴ በሰላም ወለደች። ድንጋዩን በብር የእጅ መስቀል መሃል አስተከልኩና ከከተማው ወጣ ብላ ገደል ሥር ላለች ትንሽ ደብር ሰጠሁ። ስሟን አልጠራም፤ ገበዟ መምሬ ይባቤ በወሬ እንድትነሣ አይወዱም። በጥር፣ በንግሥዋ ቀን፣ መምሬ መስቀሉን ይዘው ሲወጡ ሕዝቡ ድንጋዩን እያየ እልል አለ። ቀጥሎ ጠበሉ ተባረከ። መስቀሉ እንደ ደንቡ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆየ። ሲወጣ መስቀሉ ያው ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ድንጋይ ግን የመስኮት መስታወት መስሏል። አንዲት ጠብታ ቀለም የለበትም።

ኦፓል ሻጭ ሆነሽ ይህን አታውቂም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነጋዴዎቹ «ውሃ አታስነኪው» ይሉኛል፤ ወዙ እንዳይጠፋ ይመስለኝ ነበር። እኔም ለገዢ ያንኑ እላለሁ። ግን ለቄስ «መስቀልዎን ጠበል አያስነኩ» ይባላል?

መጀመሪያ የተናገረችው ታንጉት ናት። ጮክ ብላ አይደለም። «ለእመቤቴም ብርጭቆ?» አለች።

ያቺ ቃል ከእኔ ቀድማ ከተማ ገባች። በማግስቱ ሱቄን አልፎ የሚሄደው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አስጎብኚዎቹ እንግዳ ይዘው ወደ ጎረቤቴ ይታጠፋሉ። እሱስ ይሁን፤ እህቴ አራስ ልጇን አቅፋ «ስለቱ ካልሰመረ እግዜር ልጄን ይወስድብኝ ይሆን?» ብላ ስታለቅስ ግን አንጀቴ ተቆረጠ። ብርጭቆ የሰጠሁ ሌባ ተብዬ መኖር አልችልም። በአገሬ ሰው ፊት፣ በእግዜርም ፊት የሰጠሁት እውነተኛ ድንጋይ ነው።

መምህር ለቤተሰብ ጉዳይ ኩልመስክ ሄደው ነበር። ሲመለሱ በሩ ላይ ተቀብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ውሃው ውስጥ ምን ያህል ቆየ?» አሉኝ።

«መምህር፣ እኔ ሞቻለሁ እኮ።»

«ገባኝ። ምን ያህል ቆየ?»

ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። ወረቀት ዘይት ሲነካው እንደሚያሳልፍ ሁሉ፣ ውሃው በእንክብሎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ስለሞላው ነው አሉኝ፤ ብርሃኑ እንክብሉን ከክፍተቱ መለየት አቅቶት ዝም ብሎ ያልፋል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አብዛኞቹ ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ።»

«የእኔዋስ?»

«እሱን አላውቅም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ዋሽቶ ያጽናናኝ ነበር። እሳቸው ግን ኮታቸውን ሳያወልቁ ተመልሰው ወጡ፤ አብረን ወደ ደብሯ ወረድን። መምሬ ይባቤ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። መስቀሉን ይዤ ልሂድ ወይ ብዬ ስጠይቅ መምህር ቀደሙኝ።

«አይሆንም። መምሬ፣ ድንጋዩን እኔም አልነካ፣ ጥሩም አትንካ። እርስዎ እጅ ይቆይ። ነገ ቀለሙ ሲመለስ ቀየሩት እንዳይባል።»

መምሬ ድንጋዩን በካራቸው ጫፍ ከመስቀሉ አወጡት። ከዕቃ ቤቱ መስኮት ጥግ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ባዘቶ ላይ አስቀመጡት። «አይዞሽ ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉኝ። ከዚያ በየቀኑ እየወረድኩ በመስኮቱ አያለሁ። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ ብሶበት እንደ ኖራ ነጣ። እያለቀስኩ ለመምህር ስነግር በደስታ ተነሥተው ቆሙ። «መድረቅ ጀምሯል ማለት ነው!»

በስድስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ባዘቶውን ይዘው ወጡ። ድንጋዩን ወደ ፀሐይ አዞሩት። ቀዩም አረንጓዴውም እዚያው ነበሩ።

የሆነውን ማስረዳት ይከብደኛል። ሕዝቡ እልል አለ። ታንጉት ከሁሉ ቀድማ ተንበርክካ መሬት ሳመች። «እመቤቴ ብርጭቆውን ዕንቁ አደረገችው! ተአምር ነው!» ሁሉም ተቀበላት። ሴቶቹ እየመጡ ያቅፉኛል፣ ግንባሬን ይስሙኛል፣ እመቤቴ ወዳሻለች ይሉኛል። እህቴ ልጇን ታቅፋ ትስቃለች። እኔም ደስታው አሰከረኝ፤ ተአምሩን ከማንም በላይ ያመንኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

«መምሬ» አሉ መምህር አለበል ከኋላ ሆነው፣ «ትንሽ ውሃ ይፈቀድልኛል? ጠበል ሳይሆን፣ ተራ የቧንቧ ውሃ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«መልሰን እንንከረው።»

«መምህር፣ ይሰነጠቃል ብለውኛል እኮ» አልኩ።

«ሊሰነጠቅ ይችላል» አሉ። ዓይኔን ግን አላዩም።

መምሬ ይባቤ ቀና ብለው አዩዋቸው። ምን እንዳዩባቸው እንጃ። ራሳቸው ሄደው ውሃ በጣሳ ይዘው መጡና ድንጋዩን ከተቱት። ሰዉ ጣሳውን ከቦ ቆመ። ቀለሙ ከዳር ጀምሮ ጠፋ፣ ጠፋ፣ ጠፋ። እልልታው ሞተ።

«አያችሁ» አሉ መምህር፣ «ተራ ውሃም ያጠፋዋል። ሲደርቅ ይመለሳል። የኦፓል ጠባዩ ነው፤ ትናንትም ዛሬም ድንጋዩ ያው ነው። በሚቀጥለው እሁድ ኑና እዩ።»

«ይህ ሰውዬ የእመቤቴን ሥራ እንኳ ለእሷ አይተውላትም» አለች ታንጉት፤ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

ሳምንቱን ሙሉ አላናገርኳቸውም። እውነቱን ልናገር፣ ጠላኋቸው። ስሜ ተመልሶልኝ፣ እህቴ ስቃ፣ ያን ሁሉ ለአንዲት ፊዚክስ ብለው ጣሳ ውስጥ ከተቱት። በር ላይ ስንገናኝ እንደ አጥር እንጨት አልፋቸዋለሁ። «ጥሩ» ይሉኛል፤ አልሰማም። ማታ ማታ ደጃፋቸው ላይ ባትሪዋን በእጃቸው እያገላበጡ ይቀመጣሉ። በዚያ ሳምንት አንድም ቀን ሲያበሯት አላየሁም፤ ያን ጊዜ ነው እሳቸውም መፍራታቸው የገባኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ከንግሡ የበለጠ ሰው መጣ። መምሬ ባዘቶውን ገለጡ። ድንጋዩን አወጡት፣ በጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት። ስንጥቅ የለበትም። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ።

እልልታ አልነበረም። ሰው ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሽማግሌ «ያው ናት» አሉ፤ ሌላው «ድሮም ያው ነበረች» አለ። ከዚያ ታንጉት ሰዉን እየገፋች ወደ እኔ መጣች። ዓይኔን ማየት አቅቷት ነጠላዋን በጣቷ ትጠመዝዛለች።

«ይቅር በይኝ፣ ጥሩዬ» አለች። «ብርጭቆ ብዬሻለሁ።»

ከእሷ ኋላ ሁለት አስጎብኚዎች ቆመዋል። ከእነሱ ኋላ ጎረቤቴ። አንድ በአንድ መጡ። ይቅር አልኳቸው፤ ደግሜ ደጋግሜ። ተአምር በተባለበት እሁድ ሁሉም ስመውኝ ነበር፤ ይቅርታ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ወደ ከተማ ስንወጣ ከመምህር ጎን ሆንኩ። መንገዱ አቀበት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ትንፋሻቸው አጭር ነበር። ግማሽ ላይ ሲያርፉ ጠየቅኳቸው።

«ተአምር ነው ብለው ቢተዉት ምን ነበረበት? እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ።

«ተአምር ከሆነ፣ አንቺ የሰጠሽው ብርጭቆ ነበር ማለት ነው» አሉኝ። «እመቤቴ ማረቻት፣ ብርጭቆዋን ቀየረችላት እየተባለ ልጅ ለልጅ ይተላለፋል። አንቺ ደግሞ፣ ጥሩ፣ ይቅር የሚባል ጥፋት የለብሽም።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ ሰዉ በጎናችን እያለፈ፣ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።